ኩላሊቴን ሰጠሁት፤ ወንድሜን ግን አጣሁት

የዛሬው ደብዳቤ ረጅም ነበር። የጸሐፊዋን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችን አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የአንድ ትንሽ ልጅ እናት ነኝ። ለታላቅ ወንድሜ አንዱን ኩላሊቴን ከሰጠሁት ዓመት አልፎታል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ እሱ ከዲያሊሲስ (ከኩላሊት እጥበት) ተገላገለ፤ ሥራው ላይም ተመለሰ። እኔም ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ‹የታደላችሁ ቤተሰብ› ይለናል። ውስጡን ለቄስ ነው። ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። ሰው ፊት ያቅፈኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ዓይኔን ማየት አይፈልግም። መድኃኒቱን አንዳንዴ እንደሚዘል ከሚስቱ ሰማሁና ‹የእኔን ኩላሊት ልትገድለው ነው?› ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ጠፋ። እናታችን እኔ ልስጥ ብላ በደም ግፊቷ ምክንያት አይሆንም ተብላ ነበር። ታናሽ እህታችን ደግሞ ምርመራ ጀምራ ‹ፈራሁ፣ አልችልም› ብላ ተወችው። እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም፤ ‹ወንድሟን ለሞት የሰጠች› ትላታለች። እውነት ለመናገር እኔም እህቴን ሳያት ደሜ ይፈላል። ባሌ ደግሞ በተጣላን ቁጥር ‹ለእነሱ ሰጥተሽ ጨርሰሽ ለእኛ ምን ተረፈ?› ይለኛል። ሰው ሲያገኘኝ ‹ወንድምሽ እንዴት ነው?› ይላል። እኔን የሚጠይቅ የለም። ሌሊት ጠባሳዬን እየዳበስኩ አለቅሳለሁ። አልቆጨኝም። ግን ደግሞ ይቆጨኛል። ምን ሆኜ ነው? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ልጀምር። ምንም አልሆንሽም። ኩላሊት ከሰጡ ሰዎች እጅግ የሚበዙት፣ በብዙ ጥናቶች ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆኑት፣ «እንደገና ቢሆንም እሰጣለሁ» ይላሉ። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያዘኑ፣ የተናደዱ፣ «ተረሳሁ» ብለው ያለቀሱ አሉ። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ሰው ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንቺም ዘንድ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንዱን መርጠሽ ሌላውን ለማባረር አትልፊ። ይልቅ ቁጭትሽ ወዴት እንደሚያይ እንመልከት። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ኩላሊቱ ያማረርሽበት ቦታ የለም። ያማረርሽው ስለ ወንድምሽ ዝምታ፣ ስለ እህትሽ እምቢታ፣ ስለ ባልሽ አነጋገርና ስለ እናትሽ ፍርድ ነው።

ሆስፒታሉ የተከታተለው ሁለት ሰው ነው፤ አንቺንና ወንድምሽን። ደማችሁ ተለካ፣ ቁስላችሁ ታየ፣ ቀጠሮ ተሰጣችሁ። የቀሩት ቤተሰቦቻችሁም በበሽታው ዘመን ቆስለዋል። ለእነሱ ግን ቀጠሮ የሰጠ የለም። ማን ተጠየቀ፣ ማን እምቢ አለ፣ ማን መስጠት ፈልጎ ተከለከለ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ የሚለው ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ነው። አሁን ቤታችሁን የሚበጠብጠው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

ጩኸትሽን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። ፍርሃትሽ ልክ ነው። የተተከለ ኩላሊት ያለበት ሰው መድኃኒት መዝለል የለበትም። ሰውነቱ ያንን ኩላሊት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው፤ ዕድል ካገኘ ያጠቃዋል። እንደ ታክሮሊመስ ያሉት መድኃኒቶች ይህን ጥቃት ያለዝባሉ። የሚሠሩት ግን ደም ውስጥ ያለው መጠናቸው ሳይዋዥቅ ሲቆይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ፣ በቁርጥ ሰዓት ይወሰዱ የሚባለው። ከዓመት በኋላ ኩላሊት ከሚከሽፍባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መድኃኒትን በአግባቡ አለመውሰድ ነው። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል።

ታዲያ እያወቀ ለምን ይዘላል? ንቀት ላይሆን ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ፊት ያሳብጣሉ፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፣ ጠባይም ይለውጣሉ። አንዳንዱ ሰው ደህና ሲሆን «ዛሬ ባልወስድስ?» ይላል። አንዳንዱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በሽተኛ መሆኑን ማስታወስ ይሰለቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንክብሉን ባየ ቁጥር የሰጠው ሰው ይታየዋል። ወንድምሽ ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም። አንቺም አታውቂም፤ ምክንያቱም አልጠየቅሽውም፣ ጮህሽበት እንጂ።

ደግሞ «የእኔ ኩላሊት» ያልሽው ነገር። ይህን ስናገር ቅር እንዳይልሽ። ኩላሊቱ ያንቺ አይደለም። ከሰጠሽው ቀን ጀምሮ የእሱ ነው። ቢንከባከበውም ቢያጎሳቁለውም የራሱን አካል ነው። ይህ ጨካኝ ንግግር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላው አማራጭ ከዚህ ይከፋል። ኩላሊቱ ያንቺ ከሆነ ወንድምሽ ዕድሜ ልኩን ያንቺ ተከራይ ሊሆን ነው። የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያመሸበትን ሰዓት ልትጠይቂው ትችያለሽ ማለት ነው። ማንም ሰው ከአከራዩ ጋር ብቻውን መቀመጥ አይወድም። ስልክሽን የማያነሳው ለዚህ ይሆናል።

የመድኃኒቱን ነገር መከታተል ያለበት የንቅለ ተከላ ክፍሉ ነው። እዚያ ያሉት ነርሶችና ሐኪሞች የመድኃኒቱን መጠን በደም ምርመራ ያያሉ፤ መዝለሉን ከቁጥሩ ይጠረጥራሉ። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ካስቸገረው መጠኑን ሊያስተካክሉ ወይም ሊቀይሩለት ይችላሉ። ሚስቱ ከሰጋች ቀጠሮው ላይ አብራው ገብታ እዚያው ትናገር። ወሬውን ግን ላንቺ እያመጣች እንድትቀጥል አታድርጊ። እሷን ሰላይ አንቺን ዳኛ ካደረጋችሁ የእሱም ትዳር ይጎዳል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ዝምታ ልምጣ።

በሕይወት ካለ ሰው ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራው ታኅሣሥ 1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ነው። ሰጪና ተቀባዩ ሮናልድ እና ሪቻርድ ሄሪክ የሚባሉ አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ። ያኔ ሰውነት የሰው አካል እንዳያጠቃ የሚያደርግ መድኃኒት ገና አልነበረም፤ መንትዮች ስለሆኑ ብቻ ነው የሆነላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ሌሊት ታማሚው ሪቻርድ ለወንድሙ አጭር ወረቀት ላከለት፤ ከዚህ ውጣና ወደ ቤትህ ሂድ የሚል። ሮናልድ «እዚሁ ነኝ፣ እዚሁም እቆያለሁ» ብሎ መለሰለት።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ መሬይ በ1990 ኖቤል ስለተሸለመበት አይደለም። ያ ወረቀት ስለሚገርመኝ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የመዳኛውን በር ራሱ ሊዘጋ ሞከረ። መቀበል ያን ያህል ይከብዳል። ሰጪ ሲሆኑ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ይወስናሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይመሰገናሉ። ተቀባይ ግን እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የሚወደው ሰው ጤነኛ ገላ በእሱ የተነሳ ሲቀደድ ያያል። ከዚያ ድኖ ይነሳል። ምን ብሎ ያመስግን? አበባ ይግዛ? ቃል ሲያጣ ይሸሻል። እኔ የወንድምሽን ዝምታ የማነበው እንዲህ ነው። ውለታ ቢስነት ሊሆን አይችልም አልልም። በሰው ፊት አቅፎሽ ብቻችሁን ስትሆኑ የሚያፍር ሰው ግን ውለታው የከበደው እንጂ ውለታው የጠፋበት አይመስለኝም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ምንም ዕዳ የለብህም በይው» ብሎ ይመክርሻል። እኔ አልስማማም። ዕዳ እንዳለበት ያምናል፤ የለብህም ስትይው አያምንሽም፤ እንዲያውም ሌላ ደግነት ይጨመርበታል። የሚሻለው እንዲያደርግልሽ መፍቀድ ነው። ትንሽ፣ የተለመደ፣ ወንድም ለእህቱ የሚያደርገው ነገር። ልጅሽን አንድ ከሰዓት ይጠብቅልሽ። የተበላሸ ነገር ካለ መጥቶ ይጠግንልሽ። ዕቃ ስትገዢ አብሮሽ ይዙር። ከበሽታው በፊት ምን ይረዳሽ ነበር? ከዚያ ጀምሪ። ሰጪ የመሆን ተራ ሲደርሰው ዓይንሽን ማየት ይቀለዋል።

ከዚያ በፊት ግን ለጩኸቱ ይቅርታ ያስፈልጋል። ደውለሽ አታስጨንቂው፤ አጭር መልእክት ጻፊለት። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ያን ቀን የጮህኩብህ ፈርቼ ነው። ‹የእኔ ኩላሊት› ማለት አልነበረብኝም፤ ያንተ ነው። ስለ መድኃኒት ሁለተኛ አልጠይቅህም። እንዲያው ናፍቀኸኛል። ቅዳሜ ልጄን ብትይዝልኝ ደስ ይለኛል።» በቃ። ካልመለሰ ሁለት ሦስት ሳምንት ተይውና ሌላ ተራ ነገር ላኪ። ቃል የገባሽውን ግን ጠብቂ። ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቂ የተያዝሽ ቀን የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል።

ደስ የማይል አንድ ነገር ልጨምር፤ ባልነግርሽ ስለማይቀርልሽ ነው። ከሕያው ሰው የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ያጥራል። መድኃኒቱን እንደ ሰዓት የሚወስድ ሰው ላይ እንኳ የቀድሞው በሽታ ተመልሶ አዲሱን ኩላሊት ሊያጠቃ ይችላል። ሪቻርድ ሄሪክም የሆነው ይኸው ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ከነርሶቹ አንዷን አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ በሽታው ተመልሶ ሞተ። ሰጪው ሮናልድ በአንድ ኩላሊት ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ በ79 ዓመቱ በ2010 አረፈ። እነዚያ ስምንት ዓመታት ለባከነ ኩላሊት የሚቆጠሩ ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። ምናልባት አንድ ቀን የወንድምሽ ኩላሊት ቢደክም፣ ያኔ «ማን ገደለው» የሚል ክስ ቤታችሁ እንዳይገባ መንገዱን ከአሁኑ ዝጊው።

ስለ እህትሽ ብዙ የምለው አለኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በጣም ያሳዘነችኝ እሷ ናት።

አስቢው። ምርመራ ጀመረች፤ ማለትም ሞከረች። ከዚያ ፈራችና ፈራሁ አለች። ብዙ የንቅለ ተከላ ክፍሎች ሊሰጥ የመጣን ሰው ከቤተሰቡ ለይተው ለብቻው ያነጋግሩታል። ሐሳቡን ከቀየረ ለቤተሰቡ ዝርዝር ሳይናገሩ «ለመስጠት ብቁ አይደለም» ብለው ብቻ ያልፉታል። ይህን የሚያደርጉት እንዲህ ያለ ቂም እንዳይመጣ ነው። እህትሽ በዚያ በር ሹልክ ማለት ትችል ነበር። «ሐኪሞቹ ከለከሉኝ» ብትል ዛሬ እናትሽ ታዝንላት ነበር። እውነቱን ተናገረች፤ ተቀጣችበት።

ፍርሃቷ ደግሞ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቁጥሮቹን ልንገርሽ። ኩላሊት ለመስጠት በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚሞተው ከ10,000 ሰው ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው የሰጪዎች የራሳቸው ኩላሊት በዕድሜ ዘመናቸው የመድከም ዕድሉ ከ10,000 ሰው ወደ 90 ይደርሳል፤ እንደነሱ ጤነኛ ሆነው ያልሰጡት ሰዎች ላይ ወደ 14 ነው። በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ከሰጡ በኋላ ያረገዙ ሴቶች ላይ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ከ100 ወደ 11፣ ባልሰጡት ላይ ወደ 5 መሆኑን አሳይቷል። ወጣት ሰጪ በአንድ ኩላሊት የሚኖርባቸው ዓመታት ይበዛሉ፤ ከፊቷም እርግዝና አለ። አንቺ ወልደሽ ሰጠሽ። እሷ ታናሽ ናት። ሁለታችሁም ፊት የቀረበው ሚዛን አንድ አልነበረም።

እነዚህን ቁጥሮች አይቶ «እሰጣለሁ» የሚል ሰው እብድ አይደለም። አይቶ «አልችልም» የሚልም ከሃዲ አይደለም። አንቺ የሰጠሽው ነገር ስጦታ እንዲባል እሷ እምቢ ማለት መቻል ነበረባት። እምቢ ማለት የማይቻል ከነበረ ያንቺም እሺታ ግብር እንጂ ስጦታ አይሆንም ነበር።

ታዲያ ደምሽ ለምን ይፈላል? እዚህ ላይ ትንሽ ልድፈርሽ። እህትሽ አንቺ ማለት የፈለግሽውን ያለች ይመስልሻል? እሷ እምቢ ስትል ዕጣው አንቺ ላይ ብቻ ወደቀ። ያን ጊዜ «እኔም ፈርቻለሁ» ለማለት ቦታ አልቀረልሽም። እውነት ከሆነ ንዴትሽ የሚገባ ነው። አድራሻው ግን እሷ አይደለችም። ያኔ ከበሽታው በቀር ማንም ጥፋተኛ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት እንድታደርጊ የምፈልገው ይህን ነው፤ ከወንድምሽም በፊት። ወደ እህትሽ ሂጂ። አታስረጂ፣ ይቅርታም አትጠይቂያት፤ «እምቢ ማለትሽ ልክ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር» በያት። ይህን ዓረፍተ ነገር ወንድምሽ ሊለው አይችልም። እናትሽ አትለውም። ከሰጪዋ አፍ ሲወጣ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። አንቺ ነጻ ካወጣሻት ሌላው ሰው በምን አፉ ይከሳታል?

እናትሽ ጋም የምትገቢው በዚሁ በር ነው። እናትሽን አልፈርድባትም። ሰውነት የራሱን አካል ከባዕድ በሚለይበት ምልክት እናት ለልጇ በተፈጥሮ ሁልጊዜ ግማሽ ትገጥማለች፤ እህትና ወንድም ግን ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ፣ ጨርሶ ያለመግጠም ዕድላቸውም ከአራት አንድ ነው። ልጇን ማዳን ያለባት እሷ እንደሆነች ነው የተሰማት። «ደም ግፊት አለብሽ፣ አይሆንም» ተባለች። በልጇ አልጋ ዳር ባዶ እጇን ቆመች። ያ ንዴት መሄጃ ይፈልግ ነበር። በራሷ ደም ግፊት መናደድ አትችልም፤ በታናሿ ላይ ተናደደች። በዚያ ላይ አንዱን ልጇን ለማዳን ሌላዋን ልጇን ለቢላዋ መስጠቷን አትርሺ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አውርታሽ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ቁጭ በዪና «እማዬ፣ እኔ የሰጠሁት እሷን ለማሳጣት አይደለም። እኔን እያነሳሽ እሷን ስትወቅሺ የሰጠሁትን ነገር ዱላ ታደርጊብኛለሽ» በያት። መጀመሪያ ላይ ትቆጣለች። ዛሬ ባይሆን ነገ ትሰማሻለች። በተናገረች ቁጥር ግን አንድ ነገር አድርጊ፤ እህትሽ ስትወቀስ ዝም አትበዪ። እስካሁን ያለሽው ዝምታ ፈቃድ ይመስል ነበር።

ወደ ባልሽ። አነጋገሩ አስቀያሚ ነው፤ ማለባበስ አልፈልግም። «ለእኛ ምን ተረፈ» የሚባል ነገር የለም። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ ሲወሰን ጠይቃችሁታል? ወይስ ነግራችሁታል? ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ሰው ሁሉ በሌላው አልጋ ሲሰበሰብ፣ ጤነኛ ገብታ ታማ የወጣችውን ሚስቱን የሚያይ እሱ ነበር። ሰጪ ለአንድ ወር ለወር ተኩል ከባድ ነገር እንዳያነሳ ይከለከላል። ልጅሽን ያኔ ማን ተሸከመ? በየትኛውም ንግግር ላይ ስሙ ተነስቷል?

ብዙ የሰጪ ባሎችና ሚስቶች የሚደብቁት ፍርሃት አላቸው፤ «ነገ ልጃችን ቢፈልግስ?» የሚል። ባልሽም ይህን ለማለት አቅቶት በሌላ ቃል የሚናገረው ይሆናል። መልስ አለው። ልጅሽ አባት አለው፤ አባትም እንደ እናት ለልጁ ግማሽ ይገጥማል። ደግሞ በሕክምናው በኩል ኩላሊት ለመስጠት የግድ የሥጋ ዘመድ መሆን አያስፈልግም፤ ባልና ሚስት፣ ጓደኛም ይሰጣጣሉ፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። ደም አልገጥም ሲል ሁለት ቤተሰቦች ሰጪዎቻቸውን የሚለዋወጡበት አሠራር ያላቸው አገሮች አሉ። አንቺ ራስሽ አንድ ቀን ቢያስፈልግሽ ደግሞ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ቀድሞ የሰጠ ሰው በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ያገኛል። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል የንቅለ ተከላ ክፍሉን አብራችሁ ጠይቁ። «አብራችሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በሚቀጥለው ክትትልሽ ይዘሽው ግቢ። ሐኪሙን ራሱ ይጠይቅ። በሁለተኛ እጅ የሰማው መረጃ አያረጋጋውም። ከዚያም በኋላ ኩላሊቱን የጠብ መሣሪያ ማድረጉን እንዲያቆም ንገሪው። እሱ ላይ ድርድር የለም።

አንቺስ? ተቀባይ ታሞ ይገባል፣ አዲሱ ኩላሊት መሥራት ሲጀምር በቀናት ውስጥ ፊቱ ይበራል። ሰጪ ጤነኛ ገብቶ ታሞ ይወጣል። የሚያለቅሱ ዘመዶች ሁሉ ወደ ተቀባዩ ይሮጣሉ፤ አንቺ «ጀግና» ተብለሽ ትታለፊያለሽ። ጀግና ደግሞ አመመኝ አይልም። የሚቀርቡሽን ሰዎች «ስለ እሱ ከመጠየቃችሁ በፊት እኔን ጠይቁኝ» ብለሽ ንገሪያቸው። ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። ግን ሰው ሳይነገረው አያውቅም፤ ደህና ስለምትመስዪ ደህና ነች ብለው ነው።

ሌሊት ማልቀሱ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በየቀኑ ከሆነ፣ ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከወሰደብሽ፣ ከልጅሽ ጋር መጫወት ካስጠላሽ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልግሻል። ንቅለ ተከላ የሚሠሩ ብዙ ቦታዎች የማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አላቸው። ሥራቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማጣራት ብቻ አይደለም። ደውለሽ «ሰጪ ነኝ፣ ከሰጠሁ በኋላ ከብዶኛል» በያቸው። አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ሌላ ሰጪ እንዲያገናኙሽም ጠይቂ። አንድ ጊዜ ከሰጠ ሰው ጋር ማውራት እኔ ከምጽፍልሽ አሥር ገጽ ይሻልሻል።

ስለ ገላሽ ትንሽ ልበልና ላብቃ። የቀረው ኩላሊትሽ ሥራውን ለማካካስ በመጠንም በአቅምም ጨምሯል፤ ብዙ ጊዜ የሁለቱን የቀድሞ አቅም ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። በዚህ የተነሳ ክሬቲኒንሽ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ መጠን) ከመስጠትሽ በፊት ከነበረው ትንሽ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ብቻውን በሽታ ማለት አይደለም። አዲስ ሐኪም ካየሽ ሰጪ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪው። ራስ ምታትና ወገብ ሲይዝሽ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን ማስታገሻዎች ከራስሽ አትውሰጂ፤ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሌላ ልጅ ካሰብሽም ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ ክትትሉ ከሌላ ጊዜው ጠበቅ ይላል።

በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትሽ፣ ክሬቲኒንሽና ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ ይታይ። ጤነኛ ነኝ ብለው ይህን የሚተዉ ሰጪዎች ብዙ ናቸው። በደብዳቤሽ ላይ የመጨረሻው ምርመራሽ መቼ እንደነበር አልነገርሽኝም። ዓመት ካለፈው ነገ ጠዋት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ባልሽ ከሥራ ሊወጣ የሚችልበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂው።